የምመጣው ገና ነው

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ቤቱንም መሬቱንም ለወንዱ ልጄ ለቅቄ፣ ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው እየዞርሁ እኖራለሁ። አንድ ሰሞን ደብረ ኤልያስ ወንዱ ልጄ ዘንድ፣ አንድ ሰሞን ደብረ ማርቆስ ትንሿ ልጄ ዘንድ፣ የቀረውን ደግሞ ሉማሜ ትልቋ ልጄ ዘንድ። ሰው ሲሰማ ያዝንልኛል። እኔ መዞሩን እወደዋለሁ፤ የደከመኝ መንገዱ ነው። አሁን አሁን ከአውቶቡስ ስወርድ እኔ ብቻ ነኝ የምወርደው፤ ጉልበቴ ሦስት ቀን ዘግይቶ ይደርሳል።

ጓዜ ትንሽ ነው። ቅያሪ ቀሚስ፣ ጋቢ፣ የጸሎት መጽሐፍ፤ ከሁሉም ሥር በፌስታል የተጠቀለለ የፍቅር ልብ ወለድ። ባለፈው መንገድ ላይ አስወርደው ሲፈትሹን ፈታሹ እጁን እስከ ታች ሰደደና እሱኑ መዝዞ አወጣው።

«እማማ፣ ይሄ የማን ነው?»

«የእኔ ነው።»

«ምን ይሠራልዎታል በዚህ ዕድሜ?»

«በዚያኛው ዕድሜ ጊዜ አልነበረኝማ» አልሁት።

ሳቀና ገለጥ ገለጥ አድርጎ መለሰልኝ። እኔ የፈራሁት የደረስሁበትን ያመለከትሁባትን ስንደዶ እንዳይጥልብኝ ነበር። ጣለብኝ።

ትምህርት ቤት የሚባል አልገባሁም። ልጅ ሳለሁ ወንድሜ መርጡለ ማርያም የኔታ ዘንድ ፊደል ሲቆጥር ምሳውን የማደርስለት እኔ ነበርሁ። እሱ በእንጨት እየጠቆመ ሲጮኽ እኔ እስኪጨርስ ቆሜ እጠብቃለሁ። ሆዱ ሲርበው ፊደሉ ይጠፋዋል፤ እኔ በሹክሹክታ አቀብለው ጀመር። እንዲህ እንዲህ ስል ሀ ሁን ከነዘሩ ያዝሁት። በቤታችን ግን የሚነበብ ነገር አልነበረም። ኋላም ተዳርሁ፣ ወለድሁ፣ ፊደሉ ሥራ ፈትቶ ውስጤ ተቀምጦ ቆየ።

ከተኛበት የቀሰቀሰው ጥቁር አዝሙድ ነው። ገበያ ከአንድ ሙስሊም ነጋዴ አዝሙድ ገዝቼ ገባሁና የተጠቀለለበትን ወረቀት ልጥለው ስል ፊደል አየሁበት። በጣቴ እየተከተልሁ አነበብሁት። አንዲት ልጅ በር ላይ ቆማለች፤ አንድ ሰው ከዝናብ ውስጥ መጥቶ «አንቺ ራስሽ ምን ትፈልጊያለሽ?» ይላታል። ልጅቷ ልትመልስለት አፏን ስትከፍት ገጹ አለቀ።

ያን ሳምንት ሥራ ስሠራ እጄ እንጂ ልቤ ቤት ውስጥ አልነበረም። በሚቀጥለው ገበያ ሄጄ አዝሙድ ድገመኝ አልሁት። የደረሰኝ ከፊት ያለው ገጽ ነው፤ ዝናቡ እንኳ አልጀመረም። በሦስተኛው ገበያ ደግሞ ሠርግ ተደግሷል፤ የማን ሠርግ እንደሆነ ግን አይታወቅም። ባለቤቴ ጓዳ ገብቶ የተደረደረውን አየና «ሴትዮ፣ አገሩን ሁሉ በአዝሙድ ልታጥኚው ነው?» አለኝ። በመጨረሻ እያፈርሁ ለነጋዴው ነገርሁት። ከመደርደሪያው ሥር የቀረውን ጥራዝ አውጥቶ ሰጠኝና «እኔም ከመቅደዴ በፊት አነበዋለሁ። ልጅቷ እሺ አላለችውም» ብሎ ጨረሰብኝ። ያም ሆኖ እስከ መጨረሻው አነበብሁት። እሺ እንዳላለችው እያወቅሁም ትለው ይሆናል እያልሁ ነው ያነበብሁት። የፍቅር መጽሐፍ ጠባዩ እንዲህ ነው።

ከዚያ ወዲህ ስንቱን አነበብሁ። ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አጠገብ መሬት ላይ ላስቲክ አንጥፈው የሚሸጡትን፣ ሽፋን የሌለውን፣ ከመካከሉ የጎደለውን፣ ከእጅ እጅ ሲዞር ጠርዙ እንደ ጨርቅ የለሰለሰውን። አንዳንዱን በራዲዮ ሲተረክ ሰምቼዋለሁ፤ አሁን ደግሞ የልጅ ልጆቼ በስልክ ያሰሙኛል። የድሮዎቹ ሲያልቁ ሰው ይሞታል፤ ወይ እሷ በሳንባ ነቀርሳ፣ ወይ እሱ በጦር ሜዳ። የአሁኖቹ ሲያልቁ ይጋባሉ፣ አለዚያም አውሮፕላን ይሳፈራሉ። የድሮዎቹ ገጽ ሙሉ ደብዳቤ ይጻጻፋሉ፤ የአሁኖቹ በስልክ ሁለት ቃል ተላልከው ይኳረፋሉ። ሴቶች ተሰብስበን ስንሰማ ስለ ልጅቷ እንደ ጎረቤት ልጅ እንጣላለን። «እኔ ብሆን አባቷን እሰማ ነበር» ትላለች አንዷ። «አንቺማ ሰምተሽ ነው እዚህ ያለሽው» ትላታለች ሌላይቱ።

የተማሩት ይንቁታል። ቅኔ አዋቂ የሆኑ አንድ መሪጌታ መጽሐፉን እጄ ላይ አይተው «ሰም ብቻ ነው፤ ወርቅ የለውም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እዚያ ውስጥ አንድ ሰው እወድሻለሁ ካለ እወድሻለሁ ማለቱ ነው። እኔ የወደድሁትም ይህንኑ ነው። ዕድሜዬን ሁሉ ሰው የተናገረውን ትቼ ያልተናገረውን ስፈታ ኖሬያለሁ፤ ደክሞኛል።

ደግሞም ጥያቄው አለ። እኔን ሲድሩኝ የጠየቀኝ የለም። ባለቤቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ስንት ዘመን አብረን ስንኖር ግን «ምን ትፈልጊያለሽ?» ያለኝ ገበያ ሲወርድ ብቻ ነው። በፍቅር መጽሐፍ ውስጥ ሴቲቱ ድሃም ትሁን ባለጠጋ፣ አንድ ገጽ ላይ የሚጠይቃት አይጠፋም። ያን ገጽ ፍለጋ ነው ሁሉንም የማነበው።

ሉማሜ ያለችው ትልቋ ልጄ መንገዱ ዳር ሻይ ቤት አላት። ባሏ ጥሏት ከሄደ ብዙ ዘመን ነው፤ ልጅ አልሰጣቸውም። ከልጆቼ ያልተማረች እሷ ብቻ ናት። አንዱ አውቶቡስ አልፎ ሌላው እስኪመጣ እኔ አነብላታለሁ፣ እሷ ብርጭቆ ታጥባለች። እኔ የማነበው ቀስ ብዬ ነው፤ እሷ ግን አንዴ የሰማችው አይጠፋትም።

አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ደንበኛ ነበራት፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ ዝምተኛ፣ ጤፍ ጭኖ አዲስ አበባ የሚመላለስ። አንድ ቀን ሳነብ ደረሰና ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ሰማ። በሳምንቱ ሲመለስ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ «ልጅቷስ?» አለ። ልጄ ያመለጠውን ከራሷ አወጣችለት፤ ድምፅ እየለወጠች፣ የአክስቲቱን ተንኮል ከነአነጋገሯ። ከዚያ ወዲያ እኔን መስማት ተወ።

«እማማ፣ አይቀየሙኝ። ከእርስዎ ንባብ የእሷ ወሬ ይጥመኛል» አለኝ።

ምን እቀየማለሁ። አንዳንድ ቀን መጽሐፉ ላይ የሌለ ነገር ስትጨምርለት እሰማታለሁ። አላርማትም።

በዚህ ዓይነት ከርመው አንድ ጠዋት ሊነሣ ሲል «ሽማግሌ ብልክ ትመልሻቸዋለሽ?» አላት። እኔ ጓዳ ነበርሁ። ልጄ የምታጥበውን ብርጭቆ ስታስቀምጥ ሰማሁ።

«ላካቸውና ያኔ ታያለህ» አለችው።

ባሏ የሄደ ለት ሉማሜ ውስጥ ያላማት አልነበረም። እሷ ናት ያባረረችው ያለ አለ፣ መካን ናት ያለ አለ። ስንት ዓመት አንገቷን ደፍታ ሻይ ስትቀዳ አይቻታለሁ። ከዚያች ጠዋት በኋላ ግን አንገቷ ቀና አለ።

ከዚያ የአዲስ አበባው መንገድ ተዘጋ። ተከፈተ ሲሉት ይዘጋል፣ ተዘጋ ሲሉት አንድ ቀን ይከፈታል። ስልኩም እንደ መንገዱ ነው። ሰውየው ወዲያ ማዶ እንደቀረ ክረምቱ አለፈ፣ መስከረም አለፈ። ልጄ ለማንም አላወራችም። ስልኩ ሲሠራም «ሴት ልጅ ቀድማ አትደውልም» ብላ ትቀመጣለች።

የነቢያት ጾም ከገባ በኋላ አንድ ቀን ስልኳ ድንገት ነፍስ ዘራና መልእክት ገባ። እጇን በሽርጧ ጠርጋ አቀበለችኝ። መነጽሬን አደረግሁ። እንዲህ ይላል፦

«ደህና ነኝ። መንገዱን ታውቂዋለሽ። የምመጣው ገና ነው። ሽማግሌ ያልሁት ግን አልቀረም።»

ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁላት፤ ገናን አጥብቄ።

አማርኛችን እንዲህ ነው፤ ጽሕፈቱ አንድ፣ ንባቡ ሁለት። ና ስትጠብቅ በዓሉ ነው፣ የጌታ ልደት። ና ስትላላ ደግሞ ጊዜው አልደረሰም፣ ቆይ ማለት ነው። የኔታ ወንድሜን ፊደል ካስቆጠሩት በኋላ ዓመት ሙሉ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ሲያስለዩት ኖረዋል፤ እኔ ያን ጊዜ ምሳ ማድረሱን ትቼ ተድሬ ነበር።

«ለገና?» አለች ልጄ።

«ለገና።»

«አንድ ወር አይሞላም እኮ።»

«ጽሑፉ ነው እንጂ እኔ ምን አልሁ።»

የያዘችውን ብርጭቆ ሁለት ጊዜ አጠበችው። መልሽለት አለችኝ። ምን ልበለው ስላት አፈረች፤ እኔው «እንጠብቅሃለን» ብዬ ጻፍሁ። ይሄም መልስ ለሁለቱም ንባብ ይሆናል። ይህ የገባኝ ኋላ ነው።

ጌሾ ወቀጠች፣ ጠላ ጠመቀች፣ ግድግዳውን ኖራ አስቀባች። ወንድሟን ከደብረ ኤልያስ አስጠራች፤ በአባቷ ቦታ ተቀምጦ ሽማግሌ የሚቀበል እሱ ነው። ጎረቤቷ ባለ ሱቋ ሙስሊም ናት፤ ወንበርና ብርጭቆ አዋሰቻት። «ሽማግሌ ሲባል ልቤ ይደነግጣል፤ የሚጠይቁት እኔን ይመስለኛል» እያለች ከሱቋ እየወጣች ታያለች። ሉማሜ ትንሽ ከተማ ናት፤ ጠላ ሲጠመቅ ለምንድን ነው የማይል የለም። ልጄም ስንት ወር የያዘችውን ደስታ መያዝ አቃታት፤ ለጠየቃት ሁሉ ነገረች።

የገና ዕለት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጭ ለበሰች። ወንድሟ ጋቢውን አጣፍቶ ከፊት ተቀመጠ። ባለ ሱቋም ሱቋን ዘግታ መጣች።

«ሽማግሌ ማልዶ ነው የሚመጣው» አለ ወንዱ ልጄ ረፋዱ ላይ።

«መንገድ ነው» አልሁ።

እኩለ ቀን ሲሆን «ሹፌር አይደል፤ ጭነቱን ሳያራግፍ አይመጣም» አለች ባለ ሱቋ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ምክንያት የሚያመጣ ጠፋ። ልጄ በሩ አጠገብ ቆማ መንገዱን ታያለች፤ የሚያልፉት ደግሞ እሷን ያያሉ።

«እማ፣ ሰውየው በትክክል ምን ብሎ ነው የጻፈው?» አለኝ ወንዱ ልጄ።

«ለገና እመጣለሁ ነዋ።»

«እሱንማ ሰማን። ቃሉን ነው የምልሽ።»

ልጄ ስልኳን ለባለ ሱቋ ሰጠቻት። የባለ ሱቋ ዓይን ፈጣን ነው። «ደህና ነኝ» ብላ ጀመረች። «መንገዱን ታውቂዋለሽ። የምመጣው ገና ነው።» ናን እንደ ላባ አቅልላ አለፈቻት። ወዲያው የራሷ ድምፅ ለራሷ ሲሰማት አየሁ፤ አፏን በሻርፗ ያዘች። ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምራ እንደገና አነበበችው፤ አሁን አጥብቃ።

«እንዲህም ይሆናል፣ ወላሂ» አለች። «እማማ እንዳነበቡትም ይሆናል።»

መንገዱን ታውቂዋለሽ ካለ በኋላ የሚከተለው የትኛው ገና እንደሆነ ግን ለሁላችንም ገብቶን ነበር። ወንዱ ልጄ ጋቢውን ከትከሻው አወረደ።

«በይ እንግዲህ አቅርቢልን» አላት እኅቱን፣ ቀስ ብሎ። «ዶሮው ምን አጠፋ።»

በልተን፣ ብርጭቆና ወንበሩን ለባለ ሱቋ መልሰን ስናበቃ ልጄ ድስት ትፈገፍግ ጀመር። አጠገቧ ተቀመጥሁ።

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኋት። «ዓይኔ አይደለም። ሌላው ንባብ ሳላየው ቀርቼ አይደለም፤ እንደ ጥላ አልፎብኛል። ያን ሰሞን ስናነበው የነበረው መጽሐፍ ላይ ሰውየው በበዓል ቀን ይመለሳል፤ ልቤ በዚያው ቀጠለ።»

«አንቺ ምን ታደርጊ። እሱም ቀኑን አልጻፈው።»

ድስቱን አገላብጣ ፈገፈገች። ከዚያ ቀና ሳትል፦

«ታናናሾቼን ተማሪ ቤት ስትሰጂ እኔንም ብትሰጂኝ ኖሮ ራሴ አነበው ነበር። ብሳሳትም የራሴ ስህተት ይሆን ነበር።»

ቁጣ አልነበረበትም። ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። ትልቅ ስለነበረች ውኃውም ሕፃናቱም በእሷ ላይ ነበሩ። ለከርሞ፣ ለከርሞ እያልሁ ስንት ከርሞ አለፈ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ተቀምጬ የማነብላት ስጦታ ይመስለኝ ነበር። ለካ ከእሷ የወሰድሁትን በማንኪያ እየመለስሁ ነው። ድስቱን ተቀብዬ አለቀለቅሁት።

በማግሥቱ ጠዋት ውኃ ልትቀዳ የምትሄድ አንዲት ሴት በራችን ላይ ቆም አለች።

«ሽማግሌዎቹስ? ገና ናቸው?»

ወሬው ከነንባቡ ደርሷታል ማለት ነው።

«ገና ናቸው» አለቻት ልጄ፣ አላልታ። «ያንቺስ ባል ከአረቄ ቤት ገባ ወይስ ገና ነው?»

ሴትዮዋ ጀሪካኗን ይዛ ሄደች። ልጄ ስልኳን አነሣች።

«ምን ብዬ ልጻፍልሽ?» አልኋት።

«ምንም አትጻፊ።»

ራሷ ደወለች። ሁለት ጊዜ እምቢ ብሎ በሦስተኛው ገባላት። የሰማሁት የእሷን ብቻ ነው።

«ሰማህ? አዎ፣ እኔ ነኝ። ደህና ነን። አይ፣ የደወልሁት አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። የምትመጣው መቼ ነው?»

ረጅም ጊዜ አዳመጠች።

«መንገዱንማ እኔም አውቀዋለሁ፤ በሩ ላይ ነው የምኖረው። ባይከፈትስ?»

አሁንም አዳመጠች።

«እንግዲያው ስማኝ። ትናንት እኔም ቤተሰቤም ሽማግሌህን ስንጠብቅ ዋልን። አይ፣ አንተ አላጠፋህም፤ አነባበባችን ነው። ደግሜ ግን ቁጭ ብዬ አልጠብቅም። ከመጣህ ሻይ ቤቱ እዚሁ ነው። የዚያን ቀን ደስ ካለኝ እሺ እልሃለሁ፤ ደስ ካላለኝ እምቢ እልሃለሁ። እኔም አልጠላሁህም። በል፣ ውኃው ፈላብኝ።»

ውኃው አልፈላም ነበር።

«ምን አለሽ?» አልኋት።

«አያውቅም። ሲከፈት አለኝ። ባይከፈትስ ስለው ዝም አለ።»

ባነበብኋቸው መጻሕፍት ሁሉ ሴቲቱ ወይ ጠብቃ ታገኛለች፣ ወይ ጠብቃ ትሞታለች። ደስ ካለኝ ያለች አላጋጠመችኝም። ይህን ልነግራት አሰብሁና ተውሁት፤ የመጽሐፍ ነገር ያን ጠዋት ከአፌ ባይወጣ ይሻል ነበር።

ረፋድ ላይ አንድ አውቶቡስ ደረሰና ከዚህ አታልፍም ተብሎ ቆመ። ተሳፋሪው ወርዶ ቤቱን ሞላው። ልጄ ሻይ ከመቅዳት ይልቅ ጓዳ ገብታ ጠላውን አወጣችው።

«ሻይ ቤት ውስጥ ጠላ?» አሉ አንድ ሽበታም ተሳፋሪ።

«ለሽማግሌ የጠመቅሁት ነው» አለች፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ሊጠይቁኝ የነበሩት አልደረሱም። ከሚበላሽ እናንተ ጠጡት።»

ሽበታሙ ሰውዬ ጢማቸውን በእጃቸው ጠረጉ።

«እኛም እኮ ሽማግሌ ነን ልጄ።»

«ለማን ልትጠይቁኝ ነው?»

«እሱን ከጠጣን በኋላ እናስብበታለን።»

ሰዉ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ከዚያ ዕቃ የምትፈልግ መስላ ወደ መደርደሪያው ዞረች፤ ጀርባዋን ሰጥታን ጥቂት ቆየች። እኔ ብቻ ነኝ ያየኋት። ስትመለስ ፊቷ ደርቆ ነበር፤ ማንቆርቆሪያውን አንሥታ ከዳር ጀምራ ትቀዳ ጀመር።

«እማ፣ ብርጭቆ አነሰን» አለችኝ።

ጉልበቴን ይዤ ተነሣሁና ትናንት የመለስናቸውን ብርጭቆዎች እንደገና ልዋስ ወደ ባለ ሱቋ ሄድሁ።